ስምንት ዙር የሠራው ካታሊስት እና ሳይጠራ የመጣው ፓላዲየም

ክሩን፣ ማለትም በኢንተርኔት የኬሚስቶች መድረክ ላይ የተካሄደውን ውይይት፣ የከፈተችው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ናት። ሁለት ጥያቄ በአንድ ልጥፍ ጨምቃ አቅርባለች።

የመጀመሪያው ስለ ካታሊስት ነው፤ ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽንን (ኬሚካላዊ ለውጥን) ስለሚያፋጥን ነገር። የሣር ዘር የሆነ ተክል ቅጠል አድርቃ፣ ፈጭታ፣ አየር በሌለበት አክስላ ካርቦን ሠራች። በካርቦኑ ላይ ፓላዲየም የተባለውን ውድ ብረት በክብደት 5 ፐርሰንት ጫነችበት። ከዚያ በዚህ ካታሊስት የሱዙኪን ሪአክሽን ሠራች። ሁለት የካርቦን ቀለበቶችን እርስ በርስ የሚያያይዘው ነው፤ አኪራ ሱዙኪ በ2010 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ከሪቻርድ ሄክና ከኤይ-ኢቺ ኔጊሺ ጋር ኖቤል የተሸለመበት። ሥራው ሲያልቅ ካታሊስቱን አጣርታ፣ አጥባ፣ አድርቃ መልሳ ተጠቀመችበት። ስምንት ዙር። በመጀመሪያው ዙር ምርቱ 98 ፐርሰንት ነበር፣ በስምንተኛው 95። የተጣራውን ፈሳሽ በአቶሚክ አብዞርፕሽን (ብረትን በሚውጠው ብርሃን በሚለካ መሣሪያ) ለካች፤ ፓላዲየም አልተገኘም። እንግዲህ ካታሊስቱ ተደጋግሞ የሚያገለግል፣ ፓላዲየሙም ከተሸካሚው የማይለቅ ነው ብዬ መጻፍ እችላለሁ ወይ ነው ጥያቄዋ።

ሁለተኛው ይገርማል። ቅጠሉ ገና ፓላዲየም ሳይነካው በአይሲፒ-ኤምኤስ (አቶሞችን በክብደታቸው እየለየ በሚቆጥር መሣሪያ) አስለክታው ነበር። የፈለገችው በተክሉ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙትን ንጥረ ነገሮች ማወቅ ነው፤ መዳብ፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ ኒኬል። ከዝርዝሩ መሐል ግን ፓላዲየም ብቅ አለ፣ በኪሎ ደረቅ ቅጠል 100 ማይክሮግራም አካባቢ። ተክሉ ፓላዲየም ከአፈር ይሰበስባል ማለት ነው? ከሆነስ ትልቅ ግኝት አይደለም?

ሁለቱ ጥያቄዎች የማይገናኙ ይመስላሉ። እኔ ግን ሳነባቸው አንድ ሆኑብኝ። በፈሳሹ ውስጥ ፓላዲየም የለም ያለችው መሣሪያው ስላላየው ነው። በቅጠሉ ውስጥ አለ ያለችው ደግሞ መሣሪያው አለ ስላላት ነው። ሁለቴም መሣሪያውን መስቀለኛ ጥያቄ የጠየቀው የለም። የጥያቄው ሥራ ለመላሾቹ ቀረ።

ምላሽ 1 ትሁት ነው። እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ይጀምራል፣ ከተክል ካርቦን መሥራቷን ያደንቃል፣ ቀጥሎ አንዲት ጥያቄ ጣል ያደርጋል፦ ሪአክሽኑ በየዙሩ ስንት ሰዓት ቆየ? በምላሽ 2 ተማሪዋ መለሰች። ማታ ታስጀምረዋለች፣ ጠዋት ታቆመዋለች፤ 12 ሰዓት ገደማ። መጠኑንም ጻፈች። 1 ሚሊሞል (ሞል ኬሚስቶች የሞለኪውሎችን ብዛት የሚሰፍሩበት ነው) መነሻ ንጥረ ነገር፣ 100 ሚሊግራም ካታሊስት፣ 10 ሚሊሊትር ፈሳሽ።

ምላሽ 3 ከአንድ አንጋፋ ኬሚስት ነው፤ ቆየት ብሎ ሁሉም ጋሼ ይሏቸው ጀመር። የእሳቸው ነጥብ ይህ ነው። ሩጫው ካለቀ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ የደረሰ ሰው አንደኛ የወጣውንም መጨረሻ የገባውንም እኩል ቆመው ያገኛቸዋል፤ ማን እንደፈጠነ የሚያውቅበት መንገድ የለም። የተማሪዋም መለኪያ እንዲሁ ነው። አዲሱ ካታሊስት ሥራውን በግማሽ ሰዓት የሚጨርስ ቢሆን፣ ጉልበቱ ወደ አንድ አሥረኛ ቢወርድ እንኳ በ5 ሰዓት ይጨርሰዋል። 12 ሰዓት ከተሰጠው 98 ፐርሰንት ማስመዝገቡ አይቀርም። ስለዚህ መታየት ያለበት አጀማመሩ ነው። ከመነሻው ንጥረ ነገር ሩብ ያህሉ ወደ ምርት ሲቀየር ናሙና ይወሰድ፣ ፍጥነቱ ይሰላ፣ ይኸው በየዙሩ ይደገም።

እዚያው ላይ ሌላ ስሌት አከሉ። 100 ሚሊግራሙ ካታሊስት 5 ሚሊግራም ፓላዲየም ይዟል፤ 0.047 ሚሊሞል መሆኑ ነው። 1 ሚሊሞል ምርት ለማግኘት እያንዳንዱ የፓላዲየም አቶም በአንድ ዙር በአማካይ 21 ጊዜ ሠራ። ስምንቱ ዙር ተደምሮ 160 ገደማ። ፈሳሽ ውስጥ ሟሙተው የሚሠሩ ጥሩ የፓላዲየም ካታሊስቶች በአንድ ዙር ብቻ ሺዎችን ያልፋሉ። ስምንት ዙር ሲባል ብዙ ይመስላል እንጂ የተሠራው ሥራ ትንሽ ነው ባይ ናቸው። ይህን ሁሉ የጻፉት በለሰለሰ አንደበት ነው፣ ልጄ እያሉ።

ምላሽ 4 ገጠመኝ ነው። ጸሐፊው ካታሊስቱን በብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶች ላይ ጭኖ በማግኔት ይለቅማል። ማጣሪያ ወረቀት ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ዱቄት እንዳማረረው ይናገራል። በየዙሩ ጥቂት ይጎድላል፤ አንዳንዱ ሰው ደግሞ የጎደለውን ከአዲሱ ሞልቶ ዝም ይላል። ለተማሪዋ ያቀረበላት ጥያቄ ጥሩ ነው፦ ከስምንተኛው ዙር በኋላ ካታሊስቱን መዝነሽዋል? ከዚያ ግን ስለ ማግኔት ብዙ ጻፈ። የኋለኛው ጭቅጭቅ ዘር እዚህ ተዘራ።

ምላሽ 5 ጋ ሲደረስ ድምፁ ተለወጠ። ሰውዬው ሰላምታ የለው፣ ምን የለው። አልተገኘም ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ መሣሪያው ሊያየው የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ስንት እንደሆነ፣ ፈሳሹ ከመለካቱ በፊት ስንት እጥፍ እንደቀጠነ ሳይነገር አልተገኘም ብሎ መጻፍ አንባቢን መናቅ ነው አለ። አነጋገሩ ይሻክራል። ስሌቱ ግን ቁልጭ ያለ ነው። ከ5 ሚሊግራሙ ፓላዲየም ግማሽ ፐርሰንቱ ብቻ ለቀቀ እንበል፤ 25 ማይክሮግራም ይሆናል። በ10 ሚሊሊትር ፈሳሽ ውስጥ በሊትር 2.5 ሚሊግራም ነው። ይህን መቶ እጥፍ ካቀጠንሽው በሊትር 25 ማይክሮግራም ይቀራል፤ በነበልባል የሚሠራ አብዞርፕሽን እዚያ ደረጃ ላይ ዓይኑ ይፈዛል። ነገር ግን ያ 25 ማይክሮግራም ከመነሻው ንጥረ ነገር አንጻር 0.023 ሞል ፐርሰንት ነው፤ ለ10,000 ሞለኪውል ሁለት አቶም ገደማ። የሱዙኪ ዘመድ በሆነው የሄክ ሪአክሽን ላይ፣ ያለ ምንም ሊጋንድ (ብረቱን ይዞ የሚያግዝ ሞለኪውል)፣ ከ0.01 እስከ 0.1 ሞል ፐርሰንት ፓላዲየም ብሮሚን ላላቸው መነሻዎች እንደሚበቃ ከታወቀ ቆይቷል። እንግዲህ 99.5 ፐርሰንቱ ካርቦኑ ላይ ተቀምጦ እያንቀላፋ፣ ሥራውን ሁሉ የሸሸው ግማሽ ፐርሰንት ሊሠራው ይችላል።

እውነቱን ለመናገር ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ምላሽ ነው። ሰውዬው ጨዋ ቢሆን ደግሞ የበለጠ እወደው ነበር።

ምላሽ 6 መውጫ መንገድ ያሳያል። ሪአክሽኑ ግማሽ ሲደርስ፣ ሙቀቱ እንዳለ፣ ካታሊስቱን አጣርቶ ማውጣት። የተጣራውን ፈሳሽ በዚያው ሙቀት ማቆየት። ምርቱ መጨመሩን ከቀጠለ ፓላዲየሙ ፈሳሹ ውስጥ ነው። ትኩስ መሆኑ ላይ አጥብቃ ጽፋለች፤ ምክንያቱም ፓላዲየሙ ሪአክሽኑ በሚጧጧፍበት ጊዜ ለቆ ይወጣል፣ መነሻው ንጥረ ነገር ሲያልቅና ፈሳሹ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ካርቦኑ ላይ ይቀመጣል። ሁሉ ነገር ካለቀና ከቀዘቀዘ በኋላ ፈሳሹን የለካ ሰው ሌባው ከተመለሰ በኋላ ቤቱን ፈተሸ ማለት ነው። ተማሪዋ ደግሞ የለካችው ልክ በዚያ ሰዓት ነው።

ምላሽ 7 ስድስተኛዋን አረመ፣ ትንሽም ጎነጥ አደረጋት። በትኩሱ ተጣርቶ የወጣው ፈሳሽ ሥራ ቢያቆምም ካታሊስቱ ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። የሟሟው ፓላዲየም በማጣሪያው ላይ ሊቀር ይችላል፤ ተሰባስቦ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ሊሞትም ይችላል። እሱ የሚመርጠው ሌላ ፈተና ነው። ከመነሻዎቹ አንዱን በማይሟሟ ሙጫ ላይ አስሮ ማስቀመጥ። ጠጣር ካታሊስት ሌላ ጠጣር ነገር ውስጥ ገብቶ ሊሠራ አይችልም፤ ስለዚህ የታሰረው ወደ ምርት ከተቀየረ በመካከል የተጓዘ ፓላዲየም አለ። የሜርኩሪ ጠብታ የመጨመሩንም ዘዴ አነሳ፣ ግን አላሞገሰውም። ሜርኩሪ ጠጣሩን ፓላዲየም ይገድላል ይባላል፤ የሟሟውንም ግን ሊነካው ይችላል፣ መርዝነቱም አለ። እኔም እዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ፤ ሁለት ትርጉም ላለው መልስ ሜርኩሪ ላብራቶሪ ውስጥ ማፍሰስ ምን ያደርጋል።

ምላሽ 8 መድኃኒት ፋብሪካ የሚሠራ ሰው ነው። የፓላዲየም ወሰን በሚሊዮን 10 ክፍል ነው ብሎ ደመደመ። በምላሽ 9 አንዲት ባልደረባው አስተካከለችው። በዓለም አቀፉ የመድኃኒት መመሪያ ወሰኑ የተቀመጠው በቀን በሚወሰድ መጠን ነው፦ በአፍ ለሚወሰድ በቀን 100 ማይክሮግራም፣ በመርፌ ለሚሰጥ 10። በሚሊዮን 10 ክፍል የሚለው ሰውዬው በቀን 10 ግራም ይወስዳል ተብሎ ሲታሰብ የሚመጣ ቁጥር ነው። ከዚያ የአምስተኛውን ስሌት አንስታ ቀጠለችበት። የሪአክሽኑ ምርት ባይፊኒል ቢሆን፣ 1 ሚሊሞሉ 154 ሚሊግራም ነው። ያ 25 ማይክሮግራም ሁሉ ምርቱ ውስጥ ከቀረ በሚሊዮን 160 ክፍል ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ለቀቀ አልለቀቀም የሚለው ለወረቀት ማሟያ የሚሆን ጥያቄ አይደለም።

በምላሽ 10 ጋሼ ተመለሱና አጭር ነገር ጠየቁ፦ ፓላዲየም የሌለበትን ባዶ ካርቦን ሞክረሽዋል? አልሞከረችም። የተክል ካርቦን ደግሞ ንጹሕ ካርቦን አይደለም። ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ፎስፎረስ፣ ብረት፣ መዳብ ከነአመዱ ይዟል፤ ራሱም አልካሊ ነው። እሱ ብቻውን ምን እንደሚሠራ ሳይታወቅ ለፓላዲየሙ ምስጋና መስጠት አይቻልም።

ይህ ጥያቄ ታሪክ ጎተተ። ምላሽ 11 የ2003ቱን አነሳ። ኒኮላስ ሊድቢተርና ባልደረባው በዚያ ዓመት የሱዙኪን ሪአክሽን ያለ ፓላዲየም፣ በማይክሮዌቭ ሙቀት ሠራን ብለው አሳተሙ። በ2005 እሱና ባልደረቦቹ ጉዳዩን እንደገና መረመሩት። ከገበያ የተገዛው ሶዲየም ካርቦኔት ውስጥ በቢሊዮን 50 ክፍል ያህል ፓላዲየም ነበር፤ ሥራውን ሲሠራ የኖረውም እሱ ነው። ምላሽ 12 ቀጠለ። በ2009 ስቲቨን ቡችዋልድና ካርስተን ቦልም በብረት ክሎራይድ ይሠራሉ የተባሉ ሪአክሽኖችን እጅግ በጠራ ብረት ክሎራይድ ሲደግሟቸው አልሠራ አሉ፤ በሚሊዮን ጥቂት ክፍል መዳብ ሲጨመር ግን ሠሩ። በ2021 ደግሞ ፓላዲየም ሳይኖር አሚን (ናይትሮጅን ያለበት ውህድ) ብቻውን የሱዙኪን ሪአክሽን ያስኬዳል የሚል ጽሑፍ ትልቅ መጽሔት ላይ ወጣ። አሚኑ ሲሠራ ጥቅም ላይ የዋለው ፓላዲየም አብሮት ቀርቶ ኖሯል። ጽሑፉ ተሻረ።

ምላሽ 13 የእኔ ናት፤ አጭር ናት። የማማሰያውን ማግኔት አዲስ እንድታደርግ ነው የጻፍኩት። ነጩ የቴፍሎን ሽፋን ለስላሳ ይመስላል እንጂ በሥራ ብዛት ይጫጫራል፣ ይሰነጣጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ የቀድሞ ሪአክሽኖች ፓላዲየም፣ ፕላቲነም፣ ወርቅ ይደበቃሉ። በአሲድ ቢታጠቡም ሁሌ አይወጡም። ባዶውን ካርቦን በአሮጌ ማማሰያ የሞከረ ሰው የሞከረው ባዶ ካርቦን አይደለም።

ማግኔት የሚለው ቃል መነሳቱ ግን መዘዝ አመጣ። አራተኛው ሰውዬ የብረት ኦክሳይድ ተሸካሚውን የነካሁበት መሰለው። ምላሽ 14 እና 16 ላይ ማግኔት ከማጣሪያ እንደሚሻል ተሟገተ። ምላሽ 15 እና 17 ላይ አምስተኛው ሰውዬ፣ ያው ሻካራው፣ ብረት ኦክሳይድ በአሲድ እንደሚሟሟና የሲሊካ (የአሸዋ ንጥረ ነገር) ሽፋን ቢደረግለት ሲሊካው ራሱ በጠንካራ አልካሊ እንደሚበላ ነገረው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም አይሰሙም። ምላሽ 17 መጨረሻ ላይ ነገሩ ወደ ግል ዞረ። ምላሽ 18 የአወያዩ ነው፦ የማግኔቱ ጉዳይ ወደ ሌላ ክር ይሂድ።

ምላሽ 19 ባይመጣ ኖሮ ሁለተኛው ጥያቄ ተረስቶ ይቀር ነበር። ጸሐፊዋ ተክል በመለካት ብዙ የቆየች ይመስለኛል፤ እርጋታዋ ያስታውቃል። መጀመሪያ ቁጥሩን ከሚታወቁ ነገሮች ጎን አቆመችው። በላይኛው የምድር ቅርፊት ፓላዲየም በአማካይ በኪሎ አንድ ማይክሮግራም እንኳ በቅጡ አይሞላም። የመኪና ጭስ ማጣሪያ ፓላዲየም፣ ፕላቲነምና ሮዲየም ስለሚረጭ የመንገድ አቧራ ከዚያ ይበልጣል። ለዚህ ሥራ የምስክር ወረቀት ያለው ማመሳከሪያ የመንገድ አቧራ አለ፣ ቢሲአር-723 የሚባል፤ ፓላዲየሙ በኪሎ ወደ 6 ማይክሮግራም ነው። የተማሪዋ ቅጠል ከመንገድ አቧራ አሥራ ስድስት እጥፍ በለጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መለኪያው ነው፣ ተክሉ በኋላ ይደርሳል። ቅጠሉ ታጥቦ ነበር ወይ ብላም ጠየቀች፤ ቲታኒየሙስ ስንት ነው? ተክል ቲታኒየም ከአፈር ብዙ አይወስድም፣ አፈር ግን ሞልቶታል። ቲታኒየም ከፍ ካለ ቅጠሉ ላይ አቧራ አለ፤ ከብረቱና ከአሉሚኒየሙም ከፊሉ የአቧራው ነው።

ምላሽ 20 በደስታ የሰከረ ወጣት ነው። ብረታ ብረት የሚሰበስቡ ተክሎችን ተራ በተራ ጠራ። የፓሲፊክ ደሴት በሆነችው ኒው ካሌዶኒያ ላይ የሚበቅለው ፒክናንድራ አኩሚናታ የሚባል ዛፍ ሲበጣ ሰማያዊ አረንጓዴ ወተት ይፈሰዋል፤ ወተቱ ሲደርቅ ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ኒኬል ነው። ይህ ከ1976 ጀምሮ የታወቀ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ክሎድ ግሪዞን የምትመራው ቡድን እንዲህ ያሉትን ተክሎች ቅጠል አቃጥሎ አመዱን ካታሊስት አድርጎታል። አራቢዶፕሲስ የተባለችው የላብራቶሪ ተክል የፓላዲየም ጨው ውሃ ስትጠጣ በሰውነቷ ውስጥ የፓላዲየም ናኖ ቅንጣት እንደምትሠራ፣ ያቺው ተክል ከስላ የሱዙኪን ሪአክሽን እንዳስኬደችም በ2014 ታትሟል። ታዲያ የእህታችን ሣር ለምን አይሆንም?

የጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፣ ያነበብኩትም በደስታ ነው። መደምደሚያው ግን ውሃ አይቋጥርም። ምላሽ 21 ይህንኑ በአጭሩ፣ ትንሽም በንዴት ነገረው። የኒው ካሌዶኒያው ዛፍ የቆመው ኒኬል በሞላው አፈር ላይ ነው፤ አራቢዶፕሲስም ፓላዲየሙን ያገኘችው ሰው ሰጥቷት ነው። አፈሩ የሌለውን ተክል ከየት ያመጣል? ደግሞ በኮንጎዋ ካታንጋ መዳብና ኮባልት ይሰበስባሉ ከተባሉት ተክሎች ስንቶቹ ቅጠላቸው በደንብ ሳይታጠብ የተለካ፣ ቁጥራቸው አቧራ ነው የሚል ጥርጣሬ እንደገጠማቸው አስታወሰው። ወጣቱ አልተቀየመም። አፈሩ ይለካ አለና ወጣ።

ምላሽ 22 ነው ቋጠሮውን የፈታው። ጸሐፊው የአይሲፒ-ኤምኤስ ሰው ነው። ፓላዲየም ስድስት አይሶቶፕ (ክብደታቸው የተለያየ የአቶም ዓይነቶች) እንዳለው አስታወሰ። መሣሪያው የሚቆጥረው ክብደትን ነው፤ ያንኑ ክብደት ይዞ የመጣውን ሁሉ ፓላዲየም ይለዋል። ብዙ ሰው 105ን ይመርጣል፤ ሌላ ንጥረ ነገር የማይጋራው እሱ ብቻ ስለሆነ። ነገር ግን ናሙናው በሚገባበት እጅግ የጋለ የአርጎን ጋዝ፣ ፕላዝማው ውስጥ፣ ንጥረ ነገሮች ከኦክሲጅን፣ ከሃይድሮጅን፣ ከአርጎን ጋር ይጣመራሉ። 89 የሚመዝነው ኢትሪየም ከ16ቱ ኦክሲጅን ጋር 105 ይሆናል። 65 የሚመዝነው መዳብ ከ40ው አርጎን ጋር 105 ይሆናል። 88 የሚመዝነው ስትሮንሺየም ኦክሲጅንና ሃይድሮጅን ይዞ 105 ይሆናል። ስትሮንሺየም ደግሞ ካልሲየም ባለበት ተክል ሁሉ አለ፤ በኪሎ አሥርና ሃያ ሚሊግራም ብርቁ አይደለም። ከዚህ ውስጥ ትንሽ ፍርፋሪ ብትጣመር በማይክሮግራም ደረጃ ለምንፈልገው ፓላዲየም ጎርፍ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። በ105፣ በ106 እና በ108 ለየብቻ ይሰላ። እውነተኛ ፓላዲየም ከሆነ ሦስቱም አንድ መጠን ይሰጣሉ።

ምላሽ 23 ላይ ተማሪዋ ሦስቱን ቁጥር ይዛ መጣች። አይገናኙም። በተለይ 106 ከ108 ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ምላሽ 24 ያው ሰው ነው፤ የደስታውን ብዛት ከጽሑፉ ማየት ይቻላል። ሦስት እጥፉ ዚርኮኒየም ነው አለ። 90 የሚመዝነው ዚርኮኒየም ከኦክሲጅን ጋር 106 ይሆናል፣ 92ቱ ደግሞ 108። የመጀመሪያው ከዚርኮኒየም ሁሉ 51 ፐርሰንት ነው፣ ሁለተኛው 17። ሦስት እጥፍ። ከዚያ ጥያቄው መጣ፦ ቅጠሉን በምን ፈጨሽው?

ዚርኮኒያ በሚባለው የዚርኮኒየም ኦክሳይድ ኳሶች ነበር የፈጨችው። ምላሽ 25 ላይ ይህን ጻፈች። ኳሶቹ ሲፋጩ ጥቂት ዱቄት ይለቃሉ፤ ብዙዎቹም እንዳይሰነጠቁ ኢትሪየም ይጨመርባቸዋል፣ ያው የ105 እንግዳ። ዚርኮኒያ ቅጠል ለመለካት በሚሟሟበት ናይትሪክ አሲድ እንደዋዛ አይሟሟም። እሷ ግን ሣሩ ሲሊካ ስለበዛበት፣ ሲሊካው ውስጥ የታሸገውም እንዳይቀር ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ጨምራለች። ሲሊካውን ለማውጣት የገባው አሲድ ዚርኮኒያውንም ነካው።

ሃይድሮፍሎሪክ የሚለው ቃል ምላሽ 26ን አስቆጣ። ከክሩ ሁሉ በጣም የከረረው ምላሽ ይህ ነው፤ ቢከርም አልፈርድበትም። ይህ አሲድ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፣ ወደ ውስጥ ገብቶም የደምን ካልሲየም ይበላል። ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል ከጎን ሳይኖር፣ ብቻን ሆኖ፣ በሌሊት ይህን አሲድ የሚከፍት ሰው እንዳይኖር ለመነ፣ አስጠነቀቀም። የመሣሪያውን የብርጭቆ ክፍሎችም ይበላል፤ ቢያንስ በቦሪክ አሲድ ይያዝ። ተማሪዋ ጄሉም ጓደኛም እንደነበራት ስትመልስ ሰውዬው ረገብ አለ።

ምላሽ 27 እና 28 በመለስተኛ ነገር ተከራከሩ፤ እኔ ግን ቁም ነገር አገኘሁበት። አንዱ የታወቀ መጠን ፓላዲየም ናሙናው ላይ ጨምራ 98 ፐርሰንቱን መልሳ ካገኘች መለኪያው ትክክል ነው አለ። ሌላዋ አልተስማማችም። የተጨመረው ፓላዲየም ቀድሞውኑ የሟሟ ነው፤ መመለሱ በቅጠሉ ውስጥ የታሸገው እንደወጣ አያሳይም። ከሌላ የሚመጣውን ሐሰተኛ ድምፅም አይነግርም፤ ሐሰተኛው ሁለቱም ጊዜ እኩል አለና። የማመሳከሪያ ቅጠል ይለካ ብላለች፤ የፖም ቅጠል 1515፣ የቲማቲም ቅጠል 1573a። ለፓላዲየም የተመሰከረ ቁጥር የላቸውም፤ ለመዳብ፣ ለዚንክና ለማንጋኒዝ ግን አላቸው። ሌላ ነገርም አከለች። ፓላዲየም በናይትሪክ አሲድ ብቻ ሲቀመጥ ዕቃው ላይ ስለሚለጠፍ ጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈልጋል። ያ ክሎሪን ግን ከአርጎን ጋር 75 ሆኖ አርሴኒክን ያስመስላል። ስለዚህ ፓላዲየምና አርሴኒክ ከአንድ ብልቃጥ ባይለኩ ይመረጣል።

ከዚያ ክሩ ለጥቂት ቀናት ዝም አለ።

ምላሽ 29 የተማሪዋ ነው፣ ረጅም ነው። ቅጠሉን አጥባ፣ አጌት ከተባለ ጠንካራ ድንጋይ በተሠራ ሙቀጫ በእጇ ወቅጣ እንደገና አስለክታዋለች። የ106 ቁጥር ወረደ። የ105ቱ ግን ከፊሉ ቀረ። ፓላዲየም የሌለበት የስትሮንሺየም ፈሳሽ ብቻውን ሲለካ በ105 ላይ ያንኑ የመሰለ ድምፅ ሰጠ። ይህን ቀንሳ የተረፈው መሣሪያው ሊያየው ከሚችለው በታች ነው። የፓላዲየም ሰብሳቢው ሣር ነገር በዚህ አለቀ። ባዶው ካርቦን በአሮጌው ማማሰያ ጥቂት ምርት ሰጠ፣ በአዲሱ ምንም። የፍጥነቱ ጉዳይ ደግሞ ጋሼ እንደፈሩት ሆነ፤ በአራተኛው ዙር ካታሊስቱ የመጀመሪያ ፍጥነቱን ግማሽ አጥቷል። በትኩሱ የተጣራው ፈሳሽም ካታሊስቱ ከወጣለት በኋላ ሥራውን ቀጠለ።

ምላሽ 30 የመድኃኒት ፋብሪካዋ ሴት ናት። ካርቦኑ ፓላዲየሙን በትኩሱ እየለቀቀ በብርዱ መልሶ የሚይዝ ከሆነ ይህም የሚታተም ሥራ ነው፤ በስንት ሙቀት እንደሚለቅና ምን ያህሉን መልሶ እንደሚይዝ ከተለካ። በምላሽ 31 ሻካራው ሰውዬ አልተቀበለም። መልሶ መያዙ ከታወቀ ብዙ ዓመቱ ነው፣ ተራው ፓላዲየም በካርቦን ላይም ያደርገዋል፤ የእሷ ካርቦን ከገበያው በምን እንደሚሻል ጎን ለጎን ካልታየ አዲስ ነገር የለም። እኔ ወደ እሱ አደላለሁ፣ ግን የጎን ለጎኑ ሙከራ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም።

ምላሽ 32 ላይ ጋሼ ሒሳቡ ይዘጋ አሉ። የስምንቱ ዙር ፈሳሽ፣ የእጥበቱ ውሃ፣ ካርቦኑ ላይ የቀረው ተደምሮ 5 ሚሊግራም ይሞላል ወይ? የመጨረሻው ምላሽ የተማሪዋ ነው። ካርቦኑን አቃጥላ አመዱን በአኳ ሬጂያ (የናይትሪክና የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ድብልቅ) ለማሟሟት የመሣሪያ ወረፋ ይዛለች። የማግኔቱ ሰዎች በሌላኛው ክር 40ኛውን ምላሽ አልፈዋል።